የኦሳካ ሕዝብና የባቡር መሥመሮቹ

በጃፓን አገር በኦሳካ ከተማ ቤት ለመከራየት የሚፈልግ ሰው፣ በማስታወቂያው ላይ ከኪራዩ ዋጋ ጋር ሦስት ነገሮች ተጽፈው ያገኛል። እነርሱም የባቡሩ መሥመር ስም፣ የጣቢያው ስም፣ ከጣቢያው እስከ ቤቱ ደጃፍ በእግር የሚፈጀው ደቂቃ ናቸው። ደቂቃውንም አከራዩ ደስ እንዳለው አይጽፈውም። በደንቡ መሠረት 80 ሜትር እንደ አንድ ደቂቃ ይቈጠራል፤ ከዚያ ጥቂት ሜትር ቢተርፍ እንኳ እንደ ሙሉ ደቂቃ ይታሰባል። ስለ ቤቱ ውበትና ስለ ሰፈሩ ጸጥታ የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ወዲያ ነው።

ጃፓኖች አንድን ሐዲድ ተከትሎ የሚገኘውን ሰፈር ሁሉ በአንድነት የሚጠሩበት «ኤንሴን» የሚባል ቃል አላቸው። አንድ ሰው የዚህ ወይም የዚያ መሥመር ኗሪ ነው ሲባል፣ የሚሳፈርበትን ባቡር ብቻ ሳይሆን የሚገበይበትን መደብር፣ ልጆቹ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት፣ አንዳንድ ጊዜም የሚደግፈውን የኳስ ቡድን ጭምር ለመገመት ይቻላል። ሐዲድ ከብረትና ከእንጨት የተሠራ መንገድ ሆኖ ሳለ እንደዚህ ባለ አኳኋን የሰውን ኑሮ እስከ መቅረጽ የደረሰው እንዴት ነው? በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ለመመልከት አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እናሳስባለን።

ሦስቱ ጎረቤታሞች

ከኦሳካ እስከ ወደብ ከተማይቱ እስከ ኮቤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰሜን የሮኮ ተራራ፣ በደቡብ ባሕር ስላለ፣ በመካከሉ የቀረው ምድር ጠባብ ነው። በዚህ ጠባብ ምድር ላይ ሦስት ሐዲዶች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። የመካከለኛውን በ1874 የዘረጋው መንግሥት ነው፤ ይህም የጃፓን የመጀመሪያው ባቡር በቶኪዮና በዮኮሃማ መካከል ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በባሕሩ በኩል ያለውን በ1905 ሀንሺን የሚባል ኩባንያ፣ በተራራው በኩል ያለውን ደግሞ በ1920 ሀንኪዩ የሚባል ኩባንያ ከፈቱ። በአንዳንድ ሥፍራ ከላይኛው ሐዲድ እስከ ታችኛው ድረስ በእግር ለመሄድ ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃል።

ርቀቱ እንዲህ ትንሽ ቢሆንም የሦስቱ መሥመሮች ጠባይ እጅግ የተለያየ ነው። በታችኛው ሐዲድ አካባቢ ፋብሪካዎች፣ ወደቦች፣ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ የሚጠምቁ የቆዩ ቤቶች ይገኛሉ። በላይኛው በኩል ባለው ዳገት ላይ ደግሞ ከኦሳካ ጢስ የሸሹ ነጋዴዎችና ሹማምንት አጥራቸውን አጥረው፣ አትክልታቸውን ተክለው ተቀመጡ። የሀንኪዩ ባቡር ፉርጎዎች ከጥንት ጀምሮ ጠቆር ባለ ቀይ ቀለም የተቀቡ ሲሆኑ፣ መቀመጫቸው በአንጎራ ፍየል ጠጉር የተሠራ አረንጓዴ ልብስ ነው። የኩባንያው ሰዎች ይህን ቀለም እንዲሁ ሊለውጡት አይደፍሩም፤ ተሳፋሪው የራሱ ክብር አድርጎ ይቈጥረዋልና። ዛሬ የሀብታምና የድኻ ድንበሩ እንደ ቀድሞው የጠነከረ አይደለም፤ የሦስቱ መሥመሮች ስም ግን እስከ አሁን የየራሱን ስሜት ይዞ ይጠራል።

ተሳፋሪን የፈጠሩ ሰው

የሀንኪዩን ታሪክ ለማወቅ ሚስተር ኢቺዞ ኮባያሺን ማወቅ ያስፈልጋል። እኚህ ሰው በ1873 ተወልደው፣ በኬዮ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ለብዙ ዓመታት በባንክ ቤት ሠርተዋል። በ1907 ወደ ሚኖና ወደ ታካራዙካ ሐዲድ ለመዘርጋት የተቋቋመውን ትንሽ ኩባንያ ሲይዙ፣ ብዙ ሰው ተስፋ የሌለው ሥራ አድርጎ ይመለከተው ነበር። እንዲህ ማሰቡም ያለ ምክንያት አልነበረም። የሌሎቹ ኩባንያዎች ሐዲድ ከታላቅ ከተማ ወደ ታላቅ ከተማ ሲሄድ፣ የእርሳቸው ግን ከኦሳካ ተነሥቶ በእርሻ መካከል አልፎ ወደ አንድ ፏፏቴና ወደ አንድ ፍል ውሃ የሚደርስ ነበር። በየቀኑ ማን ይሳፈርበታል?

ሚስተር ኮባያሺ ሐዲዱ የሚያልፍበትን አገር በእግራቸው ሄደው ተመለከቱትና ነገሩን ገልብጠው አሰቡት። በዚያን ጊዜ ኦሳካ በፋብሪካዋ ብዛት የምሥራቅ ማንቼስተር ትባል ነበር፤ ሰማይዋ በጢስ የተሸፈነ፣ ሰፈሯ የተጨናነቀ ነበር። በሐዲዱ ዳር ያለው መሬት ደግሞ አየሩ ንጹሕ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ሥራ ከመጀመሩ አስቀድመው መሬቱን ገዙት፤ ሐዲዱ በ1910 ሲከፈት በዚያው ዓመት በኢኬዳ ቤት ሠርተው ለሽያጭ አቀረቡ። ገዢውም ዋጋውን ሁሉ ባንድ ጊዜ እንዲከፍል አልተገደደም፤ ጥቂት አስቀድሞ ከፍሎ የቀረውን በ10 ዓመት ውስጥ በየወሩ እንዲከፍል ተፈቀደለት። በዚህ አኳኋን የወር ደመወዝ ብቻ ያለው የባንክ ጸሐፊና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ባለቤትና ባለአትክልት ለመሆን ቻለ። በማግስቱም ጠዋት ወደ ሥራው ለመሄድ የሚሳፈረው በሚስተር ኮባያሺ ባቡር ነው።

ነገር ግን ሠራተኛው ጠዋት ወደ ከተማ፣ ማታ ወደ ቤቱ ብቻ ከተመላለሰ፣ ባቡሩ የቀረውን ሰዓት ባዶውን መሄዱ ነው። ለዚህም ዘዴ ተፈለገለት። በሐዲዱ ጫፍ በታካራዙካ መታጠቢያ ቤትና መዝናኛ ተሠራ። በዚያም የተሠራው የመዋኛ ገንዳ ውሃው እጅግ ቀዝቃዛ በመሆኑ ሰው ሸሸው። ሚስተር ኮባያሺ ገንዳውን በሳንቃ አስከድነው የቴአትር አዳራሽ አደረጉት፤ በ1914 ልጃገረዶች ብቻ የሚጫወቱበት ትርኢት በዚያ ተጀመረ። ዛሬ የታካራዙካ ቴአትር በጃፓን ሁሉ የታወቀ ነው፤ የወንዱንም ክፍል የሚጫወቱት ሴቶች ናቸው። በ1929 ደግሞ በኡሜዳ ጣቢያ ላይ ታላቅ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ከፈቱ። ባቡር የሚነዳ ኩባንያ በጣቢያው ላይ የራሱን መደብር ሲከፍት ይህ የመጀመሪያው ነው ይባላል። በዚያው ዓመት አንድ ታላቅ ትምህርት ቤት ከኮቤ ወደ ኒሺኖሚያ ዳገት ተዛወረ፤ በ1933 ሌላ የሴቶች ኮሌጅ ተከተለው። እንግዲህ ጠዋት ሠራተኛው ወደ ኡሜዳ ሲወርድ ተማሪው በተቃራኒው ይወጣል፤ ቀን የቤት እመቤቷ ወደ መደብር ትሄዳለች፤ እሑድ ቤተ ሰቡ ሁሉ ወደ ታካራዙካ ይጓዛል። ባቡሩ በየትኛውም ሰዓት፣ በየትኛውም አቅጣጫ ባዶ አይሄድም ማለት ነው።

ስለ መደብሩ የምግብ አዳራሽ የሚነገረውን አንድ ታሪክ ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። የዓለም ንግድ በተበላሸበት ጊዜ ገንዘብ ያነሳቸው ወጣቶች ባዶ ሩዝ ብቻ እያዘዙ፣ በገበታው ላይ በነጻ የተቀመጠውን ስጎ እያፈሰሱ ይበሉ ጀመር። አስተናጋጆቹ ቅር ሲላቸው ሚስተር ኮባያሺ ግን እነዚህ ሰዎች በደስታ እንዲስተናገዱ አዘዙ። ዛሬ ቢቸግራቸው ነገ አግብተው፣ ልጆች ወልደው፣ ይህን አዳራሽ አስታውሰው ይመለሳሉ ብለው ነው ይባላል። የንግድ ብልኀት ነው የሚል ቢኖር አንከራከረውም፤ ነገር ግን የዛሬን ሳንቲም ከነገ ሰው ጋር አመዛዝኖ ማየት የሚችል ነጋዴ ብዙ አይደለም።

ኳስና ሐዲድ

የባሕሩ ዳር ሀንሺን በበኩሉ የተሳፋሪውን ልብ የገዛው በቤዝቦል ነው። የጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቤዝቦል ውድድር በ1915 ሲጀመር፣ ጨዋታው የተደረገው በሚስተር ኮባያሺ መሥመር በቶዮናካ ሜዳ ነበር። ሜዳው ጠባብ ባቡሩም ትንሽ ስለ ነበር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ውድድሩ ወደ ሀንሺን መሥመር ተዛወረ። ሀንሺን ያገኘውን ዕድል አልለቀቀውም፤ በ1924 በቀድሞ የወንዝ መውረጃ ላይ ኮሺዬን የሚባለውን ታላቅ ስታዲዮም ሠራ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በነሐሴ ወር፣ በዚያ ከባድ ሙቀት፣ ከየአውራጃው ተመርጠው የሚመጡ ተማሪዎች ይጋጠሙበታል። ተሸንፎ የሚሄደው ቡድን የሜዳውን አፈር በእጁ ዘግኖ ለማስታወሻ ወደ አገሩ መውሰዱ የታወቀ ልማድ ሆኗል።

በዚሁ ስታዲዮም በ1935 የተቋቋመው የሀንሺን ነብሮች ቡድን ይጫወታል። ጨዋታ ባለበት ማታ ባቡሩ ቢጫና ጥቁር በለበሰ ሕዝብ ይሞላል፤ ዶክተሩና የወደቡ ሠራተኛ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይዘምራሉ። ይህ ቡድን በ1985 የአገሪቱን ዋንጫ ካገኘ በኋላ እንደገና እስኪያገኘው እስከ 2023 ድረስ 38 ዓመት አልፏል። ደጋፊው ግን አልከዳውም። ሀንኪዩም፣ የደቡቡ ናንካይም የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው፤ ሁለቱም በ1988 በአንድ የመከር ወራት ተሸጡ። የናንካይ ስታዲዮም ፈርሶ ዛሬ የገበያ ሕንፃ ቆሞበታል፤ የኳሱ መምቻ ቦታ የነበረበት በወለሉ ላይ ምልክት ተደርጎበት ይታያል። ኩባንያ ሒሳቡን አይቶ ቡድኑን ይሸጣል፤ በመሥመሩ ዳር ያደገው ልጅ ግን ትዝታውን የሚሸጥለት አያገኝም።

ደቡቡና ቀለበቱ

ናንካይ በ1885 በተከፈተው ሐዲድ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ በጃፓን ካሉት የግል የባቡር ኩባንያዎች በዕድሜ ቀዳሚው ነው። ከናምባ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል። አንዱ ቅርንጫፉ በ1994 በባሕር ላይ በተደለደለ ደሴት ወደ ተከፈተው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሌላው ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ወዳላቸው ወደ ኮያ ተራራ ገዳማት ይሄዳል። ስለዚህ በናምባ ጣቢያ ሻንጣ የሚጎትተው መንገደኛና ምርኩዝ የያዘው ተሳላሚ ጎን ለጎን ቆመው ባቡር ይጠብቃሉ።

እነዚህን መሥመሮች ሁሉ በከተማይቱ ዙሪያ የሚያገናኝ 21.7 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 19 ጣቢያዎች ያሉት የቀለበት ሐዲድ አለ። ቀለበቱ የተጋጠመው በ1961 ሲሆን ባቡሩ ሳያቋርጥ መዞር የጀመረው በ1964 ነው። 1961 ለእኛም የሚታወስ ዓመት ነው፤ አበበ ቢቂላ በኦሳካ የተደረገውን የማይኒቺ ማራቶን ሮጦ ያሸነፈው በዚያው ዓመት ነበርና። በዚህ ቀለበት ላይ ጹሩሃሺ የምትባል ጣቢያ አለች። ጃፓን ኮሪያን በገዛችበት ዘመን ከጄጁ ደሴት በመርከብ ለሥራ የመጡ ብዙ ኮሪያውያን በዚያ አካባቢ ሰፈሩ። ልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በገበያው ጎመን በበርበሬ ዘፍዝፈው፣ ሥጋ ጠብሰው ይሸጣሉ። የሥጋው ሽታ እስከ ባቡሩ መቆሚያ ድረስ ይደርሳል፤ ዓይኑን የጨፈነ ተሳፋሪ እንኳ የት እንደ ደረሰ ያውቃል።

ከዘመናቸው የቀደሙ ከንቲባ

እስከ አሁን የተናገርነው በአብዛኛው ስለ ኩባንያዎች ነው። ሚዶሱጂ የሚባለውን የምድር ውስጥ ባቡር የሠራው ግን የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። የከተማው ከንቲባ የነበሩት ዶክተር ሀጂሜ ሴኪ አስቀድመው በቶኪዮ መምህር ነበሩ፤ በ1914 ወደ ኦሳካ መጥተው በ1923 ከንቲባ ሆኑ። ጠባብ የነበረውን የሚዶሱጂን መንገድ ወደ 44 ሜትር ገደማ ለማስፋት፣ ከሥሩም ባቡር ለመዘርጋት ሲነሡ፣ ብዙ ሰው ከመጠን ያለፈ ነገር ነው ብሎ አጉረመረመ። መንገዱ ሲሰፋ መሬታቸው ዋጋ የሚያወጣላቸው ባለርስቶችም ከወጪው ድርሻቸውን እንዲከፍሉ ተደረገ።

በ1933 ከኡሜዳ እስከ ሺንሳይባሺ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሲከፈት፣ በሐዲዱ ላይ የሚሄደው አንድ ፉርጎ ብቻ ነበር። ጣቢያዎቹ ግን ለረጅም ባቡር እንዲበቁ ተደርገው፣ ጣሪያቸውም ከፍ ብሎ ተሠርቶ ነበር። አንዲት ፉርጎ በዚያ ሰፊ ጣቢያ ውስጥ ቆማ ያየ ሰው ሳይስቅ አልቀረም ይሆናል። ዛሬ በዚያው መሥመር 10 ፉርጎ የሚጎትት ባቡር ይመላለሳል፤ በሥራ መግቢያ ሰዓትም ሰው ይበዛበታል። ዶክተር ሴኪ በ1935 ስለሞቱ፣ በ1937 የተፈጸመውን ሰፊውን መንገድ እንኳ ለማየት አልታደሉም።

የደቂቃ ዋጋ

የኦሳካ ሠራተኛ ቀኑን የሚጀምረው በወር ወይም በስድስት ወር ቲኬት ነው፤ ዋጋውን ብዙውን ጊዜ የሚከፍልለት አሠሪው ነው። ባቡሩ ቢዘገይ ኩባንያው የመዘግየቱን ማስረጃ ወረቀት ይሰጠዋል፤ እርሱም ለአለቃው ያሳያል። በግፊያው ውስጥ ሴቶችን የሚዳፈሩ ባለጌዎች ስለ በዙ፣ ከ2002 ጀምሮ በብዙዎቹ መሥመሮች ለሴቶች ብቻ የተለየ ፉርጎ ተመድቧል። ማታም ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወት ሁሉ በእኩለ ሌሊት ገደማ ሰዓቱን እያየ ይነሣል፤ የመጨረሻው ባቡር ካመለጠው ለታክሲ የሚከፍለው ብዙ ነውና።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ከኑሮ ጋር የተሳሰረ እንደ ሆነ የታወቀው በጥር 17 ቀን 1995 ነው። በዚያ ቀን ከንጋቱ በፊት በኮቤ አካባቢ የምድር መንቀጥቀጥ ደርሶ 6,434 ሰው ሞተ፤ ሦስቱም ጎረቤታሞች ሐዲዶች ተቈረጡ። ሕዝቡ በእግሩና በአውቶቡስ እየተጓዘ ሰነበተ። የመካከለኛው ሐዲድ በሚያዝያ 1 ቀን፣ የሀንኪዩ በሰኔ 12፣ የሀንሺን በሰኔ 26 ቀን ተቀጠለ። ሠራተኞቹ ሌሊትና ቀን ደክመው ይህን ያህል ሥራ በአምስት ወር ገደማ መፈጸማቸው የሚያስመሰግን ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ሌላ ሐዘን መጣ፤ ይህኛውን ያመጣው ምድር አይደለም። የመንግሥቱ ምድር ባቡር በ1987 ተከፋፍሎ ወደ ኩባንያነት ከተለወጠ ወዲህ፣ ከታካራዙካ ወደ ኦሳካ የሚሄደውን መንገደኛ ለማግኘት የምዕራብ ጃፓን ምድር ባቡር ከሀንኪዩ ጋር ይፎካከር ነበር። ፉክክሩ በደቂቃ ነው፤ ስለዚህ የሰዓት ሰሌዳው እየጠበበ ሄደ። የዘገየ ወይም የተሳሳተ ነጂ ከሥራው ተነሥቶ «ትምህርት» በሚባል ስም ለቀናት ይወቀስና ይዋረድ ነበር። በሚያዝያ 25 ቀን 2005 ጠዋት አንድ የ23 ዓመት ወጣት ነጂ በኢታሚ ጣቢያ መቆሚያውን 70 ሜትር ያህል አልፎ ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ ሲነሣ የዘገየው አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ከዚያ በአማጋሳኪ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሊታለፍ የሚገባው መታጠፊያ ላይ በ116 ደረሰ። ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ጋር ተላተመ። ነጂው ጭምር 107 ሰዎች ሞቱ፤ 562 ሰዎች ቈሰሉ። ባቡሩ የሚሄደው እስከ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ድረስ ስለ ነበር፣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ወደ ትምህርታቸው የሚሄዱ ተማሪዎችም ነበሩበት።

ጉዳዩን የመረመረው ጉባኤ በ2007 ባወጣው መግለጫ፣ ነጂው ቅጣቱን በመፍራት ሐሳቡ ተከፋፍሎ ፍሬኑን በጊዜው አለመያዙን አመልክቷል። በዚያ መታጠፊያ ፍጥነትን በራሱ የሚቀንስ መሣሪያም ገና አልተተከለም ነበር። የኩባንያው የቀድሞ መሪዎች ቢከሰሱም ፍርድ ቤቱ ወንጀለኞች አላላቸውም፤ የሙታኑ ዘመዶች ግን እስከ ዛሬ ልባቸው አልረፈደም። ኩባንያው ከአደጋው በኋላ መሣሪያውን ተከለ፤ የሰዓት ሰሌዳውንም አላላው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የሰው ነፍስ ግን ከፈሰሰ ወዲያ አይለቀምም።

እንግዲህ ከኦሳካ የምንማረው ምንድን ነው? ሐዲድ ከተማን እንደሚሠራ እኛም ከድሬዳዋ እናውቃለን፤ ባቡር በ1902 ባይደርስባት ኖሮ እንደዚያ ያለች ከተማ ባልኖረች ነበር። አዲስ አበባም ከ2015 ጀምሮ የራስዋ የከተማ ባቡር አላት። ነገ በመሥሪያ ቤት ተቀምጠው መንገድና ሐዲድ በካርታ ላይ የሚያሰምሩት የዛሬዎቹ ተማሪዎች ናቸው። መሥመሩን ሲያሰምሩ የሚወስኑት ባቡሩ የሚያልፍበትን ብቻ አይደለም፤ ማን የት እንደሚያድር፣ ልጁ የት እንደሚማር፣ ከሥራ ደክሞ የሚመለሰው ሰው ከቤተ ሰቡ ጋር ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ ጭምር ይወስናሉ። እንደ ዶክተር ሴኪ ገና ላልመጣው ተሳፋሪ ሰፊ ጣቢያ መሥራት ይገባል። እንደ ሚስተር ኮባያሺም ባዶ ሩዝ የሚያዘውን ወጣት አለመናቅ ይገባል። የሰዓት ሰሌዳውን የሚያወጣው ሹም ደግሞ ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ፣ አንድ ደቂቃ ስለ ዘገየ የሚንቀጠቀጥ ነጂ በሐዲዱ ላይ እንዳይኖር መጠንቀቅ አለበት። የዘገየ ባቡር ኋላም ቢሆን ይደርሳል፤ በዚያ ጠዋት ከቤታቸው የወጡት 107 ሰዎች ግን አልደረሱም።